የበቅሎ 63፦ ግልጽ ደብዳቤ ለአንባቢ

ይድረስ ለተከበሩ አንባቢ፣

ተማሪ ሳለሁ በባዮሎጂ ፈተና ላይ «የሰው የወንዴ ዘር ስንት ክሮሞዞም አለው?» የሚል ጥያቄ መጣ። ዓይኔን ሳላሽ 46 ብዬ ጻፍኩ። መምህራችን ወረቀቱን ሲመልሱልኝ በቀይ እስክሪብቶ «እንግዲያው ልጅህ 92 ሊኖረው ነው? የልጅ ልጅህስ?» ብለው አስፍረውበት ነበር። ከመጽሐፉ ይልቅ ያቺ ሽሙጥ አስተማረችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዘር ህዋስ ሲሠራ ክሮሞዞሞች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይሰለፉና ከየጥንዱ አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ይሄዳል። ከእናት 23፣ ከአባት 23 ሲገናኝ የዳበረው እንቁላል 46 ይሆናል። (ሊቃውንቱም ቢሆኑ እስከ እ.ኤ.አ. 1956 ድረስ የሰው 48 ነው ሲሉ ኖረዋል። እኔ ብቻ አይደለሁም የተሳሳትኩት።) ብዛቱን እንደ ማዕረግ የሚቆጥር ካለ ደግሞ ድንች 48 እንዳለው ይንገሩልኝ።

ቁም ነገሩ ጥንዱ ላይ ነው። በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች እያልን ስንስቅባት ኖረናል። ክሮሞዞሟ ግን ሁለቱንም ወላጆች ያጋልጣል። ባዝራዋ 64 ስላላት በእንቁላሏ 32 ታወርሳለች፤ አህያው 62 ስላለው 31 ይሰጣል። ድምሩ 63፣ ጎዶሎ ቁጥር ነው። በዚያው 63 በቅሎዋ ታድጋለች፣ ጭነት ተሸክማ ዳገት ትወጣለች፤ ጤናዋ ምንም አይጎድለውም። ችግሩ የሚመጣው የራሷን የዘር ህዋስ ልትሠራ ስትል ነው። የእናት ወገኑ የአባት ወገኑን ፈልጎ ሊሰለፍ ሲሞክር ብዙዎቹ በቅርጽ አይመሳሰሉም፣ አንዱ ደግሞ ከነጭራሹ አቻ የለውም። ክፍፍሉ እዚያው ይበላሻል።

ቡናም የራሱ በቅሎ አለው። ከደቡብ ምዕራብ ጫካችን የወጣው አረቢካ 44 ሲኖረው ሮቡስታ 22 ነው። ሁለቱ ሲዳቀሉ 22 እና 11 ተደምሮ 33 ይወጣል፤ እንዲህ ያለው ተክል እንደ ልብ ይለመልምና ፍሬ ላይ ሲደርስ ይሰንፋል። በንብ ቀፎ ውስጥ ደግሞ ሂሳቡ ሌላ ነው፦ ንግሥቲቱና ሠራተኞቹ 32 አላቸው፤ ድንጉላው ግን ካልዳበረ እንቁላል ስለሚፈለፈል 16 ብቻ ይዞ ይኖራል። አባት የለውም፤ የእናቱ አባት ግን አለው!

«የአያቴ በቅሎ ወልዳለች» የሚሉ አንባቢ ካሉ አልከራከርዎትም። እጅግ አልፎ አልፎ ይሆናል፤ እ.ኤ.አ. በ2002 በሞሮኮ፣ በ2007 ደግሞ በአሜሪካ ኮሎራዶ በቅሎ ወልዳ ዓለም ጉድ ብሏል። ልጅ የወለደ ወንድ በቅሎ ግን እስካሁን አልተመዘገበም።

አክባሪዎ