በትር ከደጅ ይቅር

የዱብሉቅን የቱላ ጉድጓድ ያየ ሰው ሁለት ነገር ያደንቃል። አንደኛው፣ ውኃው ከምድር ሆድ በሰው ክንድ እየተቀዳ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ በዜማ መውጣቱ ነው፤ ሁለተኛውና የሚበልጠው ግን በዚያ ሁሉ ጥምና በዚያ ሁሉ ከብት መካከል ጠብ እንዳይነሣ የሚጠብቅ ሥርዓት መኖሩ ነው። ዘጠኝ ከሚባሉት የቦረና ቱላዎች የዱብሉቁ አንዱ ሲሆን፣ ተራውን የሚያስከብር አባ ሄሬጋ የተባለ ኃላፊ አለው፤ ማን አስቀድሞ፣ ማን አስከትሎ እንደሚያጠጣ ከብቱ ሳይደርስ ይታወቃል። የጠማው ሰው በትሩን የማያነሣው ጥሙ ስለ ቀለለለት አይደለም፤ ተራው እንደማይቀርበት ስለሚያውቅ ነው እንጂ።

ይህን ምሳሌ ያመጣነው ስለ ውኃ ለመጻፍ ሳይሆን፣ በዛሬው ዓምዳችን ስለ ሌላ ደጅ፣ ስለ ሐኪም ቤት ደጅ ለመናገር ነው።

በእነዚህ የቆላ ከተሞች በአንዱ፣ ስሙን በማንጠራው ጤና ጣቢያ የሆነውን እናውቃለን። አንድ አርብቶ አደር ምጥ የያዛትን ሚስቱን ከወንድሙ ጋር ሆኖ ከሩቅ መንደር በሌሊት አመጣ። ተረኛዋ ነርስ ብቻዋን ነበረች። ሴቲቱን መርምራ ገና ጊዜ እንዳላት ዐወቀች፤ ወዲያው ደግሞ ትንፋሽ ያጠረው ሕፃን በእናቱ ክንድ ታቅፎ ደረሰ። ነርሷም በአማርኛ «ጥቂት ቆዩ» ብላ ወደ ሕፃኑ ሮጠች። አማርኛ የማያውቀው የባልየው ወንድም የተረዳው ግን ሌላ ነበር፤ በኋላ የመጣው ፊት ሲገባ፣ ተራ ሲፈርስ አየ። በትሩም በነርሷ ክንድ ላይ ዐረፈ።

ሕፃኑም ዳነ፤ ሴቲቱም በሰላም ተገላገለች። ሽማግሌዎች መጡ፤ ካሳ ተከፈለ፤ ዕርቅም ሆነ። የነርሷ ክንድ ዳነ፤ ልቧ ግን አልዳነም፤ ዝውውር ጠይቃ ሄደች። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ የጤና ጣቢያው በር በሌሊት ተዘግቶ ያድር ጀመር፤ ምጥ የያዛት ሁሉ ወደሚቀጥለው ከተማ በጨለማ ትጓዝ ነበር። እንግዲህ የተመታው የአንዲት ሴት ክንድ ሲሆን፣ የተጎዳው ግን ያገሩ እናቶች ሁሉ ናቸው።

የመታው ሰው ክፉ ነበርን? አይመስለንም። ወንድሙንና የወንድሙን ሚስት የሚወድድ ሰው ነበር። በጌቴሴማኒ ሰይፍ መዝዞ የማልኮስን ጆሮ የቈረጠው ጴጥሮስም ጌታውን እጅግ የሚወድድ ነበር። ጌታችን ግን ሰይፉን ወደ ሰገባው አስመለሰው፤ የተቈረጠውንም ጆሮ ዳስሶ ፈወሰ። ይህን ፈውስ ከአራቱ ወንጌላውያን የጻፈልን ባለ መድኃኒቱ ሉቃስ ብቻ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። ከፍቅር የተነሣ ቢሆንም እንኳ፣ የተነሣ በትር በደል መሆኑ አይቀርም።

የሐኪም ቤትን መድፈር በዚህ በደቡብ ምድር የጠላት ሥራ ሆኖ ይታወሳል። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አውሮፕላኖች በገናሌ ወንዝ አጠገብ፣ መልካ ዲዳ ላይ፣ የራስ ደስታ ዳምጠውን ጦር ቁስለኞች ያክም የነበረውን የስዊድን ቀይ መስቀል ሐኪም ቤት በቦምብ ደበደቡ። ጉናር ሉንድስትረም የተባለው ስዊድናዊና ብዙ ኢትዮጵያውያን ሕሙማን ሞቱ፤ የጓዱ አለቃ ዶክተር ፍሪደ ሂላንደርም ቆሰለ። በጠላት ላይ ያወገዝነውን ግፍ፣ መጠኑ ቢያንስም፣ በገዛ እጃችን ልንሠራው አይገባንም።

ነገሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ100 የጤና ሠራተኞች ከ8 እስከ 38 የሚሆኑት በሥራ ዘመናቸው አካላዊ ጥቃት ይደርስባቸዋል፤ ስድብና ዛቻ የሚደርስባቸው ደግሞ ከዚህ ይበዛሉ። ይኸው ድርጅት ከዓለም የሥራ ድርጅት፣ ከዓለም አቀፍ የነርሶች ምክር ቤትና ከሌሎች ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2002 መመሪያ ሲያወጣ፣ ጥቃት አስቀድሞ ሊከለከል የሚችል ነገር መሆኑን ተቀብሎ ነው።

እንዴት ይከለከል? እዚህ ላይ የቱላው ሥርዓት ያስተምረናል። በጉድጓዱ ተራ የሚጠበቀው ሁሉም ስለሚያውቀው ነው። በሐኪም ቤት ግን የሚቀድመው ቀድሞ የመጣው ሳይሆን ለሞት የቀረበው ነው፤ ይህም ካልተነገረ አድልዎ ይመስላል። ስለዚህ የሐኪም ቤት ኃላፊዎች ሆይ፣ ይህ ደንብ ከደጁ ላይ፣ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በኦሮምኛም በቃል ይነገር። በሌሊት አንዲት ነርስ ብቻዋን አትደር፤ መብራትና ዘበኛ ይኑር፤ የምትሠራበትም ክፍል ሁለተኛ መውጫ ይኑረው። የሞት መርዶ በመተላለፊያ ላይ ቆሞ አይነገር፤ አስታማሚው ቁጭ ብሎ፣ በለሰለሰ ቃል ይስማ። ሕመምተኛን ማመናጨቅም ይቅር፤ ክፉ ቃል የበትር ታላቅ ወንድም ነውና። የደረሰው ጥቃት ሁሉ ይመዝገብ፤ ለሕግም ይቅረብ። ዕርቅ መልካም ነው፤ ነገር ግን ዕርቁ መዝገቡን አይተካ፤ በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም።

ለክርስቲያን ቤተ ሰብም ድርሻ አለው። ሕመምተኛ ስናደርስ ዐሥር ሆነን አንግባ፤ ከመካከላችን ረጋ ያለውንና ቋንቋ የሚያውቀውን አንድ ሰው ጠያቂ አድርገን እንምረጥ። መጠጥ የቀመሰ ከደጅ ይቅር፤ በትርም ከደጅ ይቅር። በደል ቢኖር እንኳ በእጅ ሳይሆን በአቤቱታ ይገለጥ። ኀዘን የጸናበት ዘመድ ካለ የንስሓ አባቱ አብረውት ይቀመጡ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ቤት ለቤት የሚዞሩትን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸውና፣ እንደ እኅት እንቀበላቸው፤ ልጆቻችንም በማዕድ ዙሪያ ሐኪም ሲሰደብ አይስሙ።

ሲራክ በመጽሐፉ በ38ኛው ምዕራፍ ባለ መድኃኒት በእግዚአብሔር የተሠራ መሆኑን ነግሮ እንድናከብረው ያዘናል። ጥቅምት 22 ቀን የቅዱስ ሉቃስን በዓል ስናስብ፣ በዚያው ሌሊት በአንዲት መብራት ሥር ተረኛ ሆና የምታድረውን ነርስ በጸሎታችን አንርሳ። እርስዋ ተደብድባ ከሄደች፣ ነገ በምጥ የምትጨነቀው የእኛው ልጅ ናትና።

እጃችንን ከበደል፣ ሐኪሞቻችንን ከጉዳት ይጠብቅልን፤ አሜን።