«4.3 አመጣች» ስንል ምን ማለታችን ነው?

በአሜሪካ የኮሌጅ ማመልከቻ ወቅት በደረሰ ቁጥር የወላጆች ወሬ ሁሉ ጂፒኤ ይሆናል። የአንዱ ልጅ 4.0፣ የሌላው 4.3 አመጣ ይባላል። ከ4 በላይ ያለው ነጥብ ከየት እንደመጣ ግን ብዙዎቻችን አንጠይቅም።

«አንዌይትድ» የሚባለው አማካይ ትምህርቱ ቢከብድም ቢቀልም ኤን 4፣ ቢን 3 ብሎ ይቆጥራል። «ዌይትድ» የሚባለው ደግሞ ለኤፒ ትምህርቶች አብዛኛውን ጊዜ 1 ነጥብ ይጨምራል። ስድስት መደበኛ ትምህርት ወስዳ ሁሉንም ኤ ያመጣች ተማሪ በሁለቱም ስሌት 4.0 ናት። ሌላዋ ከስድስቱ ሦስቱን ኤፒ ወስዳ ከነዚህ በሁለቱ ቢ፣ በቀሩት ሁሉ ኤ ብታመጣ አንዌይትዷ ወደ 3.67 ይወርዳል፤ ዌይትዷ ግን 4.17 ይሆናል።

ጭማሪው ከቦታ ቦታ ይለያያል። በቨርጂኒያ ፌርፋክስ ካውንቲ ኦነርስ ትምህርት የሚያስጨምረው ግማሽ ነጥብ ሲሆን ወንዙን ተሻግሮ በሜሪላንድ ሞንጎመሪ ካውንቲ ሙሉ 1 ነጥብ ነው። ስለዚህ በሁለቱ ካውንቲዎች የሚማሩ የዘመድ ልጆችን ዌይትድ ነጥብ ማወዳደር ትርጉም የለውም። ኮሌጆችም ይህን ያውቃሉ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ለምሳሌ በዋናነት የ10ኛና የ11ኛ ክፍል ውጤትን ወስዶ ራሱ እንደገና ያሰላል፤ ጭማሪውንም ከስምንት ሴሚስተር በላይ አይቆጥርም።

የሚያሳስበኝ 4.0 የሚሸፍነው ነገር ነው። ከሀገር ቤት በቅርብ የመጣ ልጅ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ድጋፍ ክፍል ሊመደብ ይችላል። ቋንቋው ከተስተካከለ በኋላም ጠያቂ ከሌለው በሒሳቡም በሳይንሱም መደበኛው ክፍል ውስጥ ይቀራል። ቤት ውስጥ «ሁሉንም ኤ አመጣ» ተብሎ ደስታ ነው። ተማሪ አጣርቶ የሚቀበል ኮሌጅ ግን ትምህርት ቤቱ ብዙ ኤፒ እያለው ልጁ አንድም ለምን አልወሰደም ብሎ ያያል። ነጥብ ለማሳበጥ ሲባል ያልተዘጋጀን ልጅ አምስት ኤፒ ማሸከምም ያው ኪሳራ ነው፤ በኤፒ የመጣ ሲ በዌይትድ 3 ቢባልም ትራንስክሪፕቱ ላይ ሲ ሆኖ ነው የሚነበበው።

ብዙ ትምህርት ቤቶች የቀጣዩን ዓመት ትምህርት የሚያስመርጡት በጥርና በየካቲት አካባቢ ነው። ከካውንስለሩ ቀጠሮ ይዛችሁ «ልጄ ኦነርስ ሒሳብ ያልገባው ለምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። እንግሊዝኛ ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ማቅረብ የመንግሥት ትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው፤ ልጃችሁን አስተርጓሚ ማድረግ የለባችሁም።