የጣና ዳርቻ የማን ነው?



የከተማችን ስም ራሱ ይናገራል፤ ባሕር ዳር ማለት የባሕር ጠረፍ ማለት ነው። ነገር ግን በዚህችው ከተማ እየኖረ፣ ገንዘብ ሳይከፍል ከጣና ውሃ አጠገብ አረፍ የሚልበት ስፍራ የሚቸግረው ሰው ብዙ ነው። በብዙ ቦታ የሆቴሉ፣ የሎጁና የመሥሪያ ቤቱ አጥር ተከታትሎ ቆሞ ሐይቁን ከሕዝቡ ጋርዶታል። በዚህም ምክንያት «ዳርቻው ለሆቴል ይሰጥ» በሚሉና «ክፍት ይሁን» በሚሉ ሰዎች መካከል ክርክር አለ፤ በሻይ ቤትም በመኝታ ክፍላችንም ይሰማል። በበኩሌ ሁለቱም ወገኖች ዋናውን ጥያቄ የዘለሉት ይመስለኛል። ዋናው ጥያቄ ሆቴሉ የት ላይ ይቁም፣ የማይታለፈውንስ መስመር ማን፣ መቼ ያስምረው የሚለው ነው።

በመጀመሪያ ለሆቴሎቹ የሚሟገቱትን ሰዎች ቃል በቅንነት እንስማ። ሆቴል ሲሠራ ግንበኛው፣ ወጥ ቤቱ፣ አስተናጋጁ፣ ጀልባ ነጂው፣ አትክልት ሻጪዋ ሁሉ እንጀራ ያገኛሉ። የዘጌንና የደሴቶቹን ገዳማት፣ የጢስ ዓባይን ፏፏቴ ለማየት የሚመጣ እንግዳ ማደሪያ ይፈልጋል፤ መንግሥትም ግብር ያገኛል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ከእኛም መካከል ተመርቆ በሆቴል ሥራ የሚተዳደር አይጠፋም። ስለዚህ ሆቴልን እንደ ጠላት የሚቈጥር ክርክር ከንቱ ነው።

ነገር ግን እንግዳው ከሩቅ አገር የሚመጣው ሐይቁን ሊያይ እንጂ የሲሚንቶ ግንብ ሊያይ አይደለም። ከዚህም በላይ የእንግዳ ገቢ የሚዋዥቅ ነገር ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ጎብኚ ሲቀንስ የሆቴል ገበያ እንዴት እንደ ቀዘቀዘ ሁላችንም አይተናል። ዳርቻው ግን እንግዳ ቢመጣም ቢቀርም ለከተማው ሰው በየቀኑ ይሠራል።

እንዴት ይሠራል ቢባል፣ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። ጣና ስፋቱ ሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሁን እንጂ ጥልቀቱ ትንሽ ነው፤ እጅግ ጥልቅ በሆነው ስፍራ እንኳ ከ14 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ የሚጣልበትን ቆሻሻ ሁሉ ውጦ ዝም የሚል ውሃ አይደለም። በክረምት ከማሳውና ከከተማው የሚወርደውን ደለልና እድፍ የሚያጣራው በዳርቻው የሚበቅለው ደንገልና ረግረጉ ነው። በዓለም ላይ ከጣና በቀር በሌላ ስፍራ የማይገኙ የዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ ዓሣም የሚራባበትና የሚያድግበት ንጹሕ ውሃና የዳርቻ ሣር ይፈልጋል። ደንገሉን ነቅሎ ድንጋይ የሚደረድር ሰው ወንፊቱን ቀድዶ ስለ ጥራት ማውራቱ ነው። በ2004 ዓ.ም. በሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭ የሚፋፋው ከማሳና ከቤት በሚወርድ ማዳበሪያና ፍሳሽ መሆኑንም አንርሳ።

ደግሞም ከዳርቻው የሚኖሩ ሰዎች አሉ። ከደንገል ታንኳ የሚሠሩት፣ ከጥንት ጀምሮ ኑሯቸው ከውሃው ጋር የተሳሰረው የነገደ ወይጦ ወገኖቻችን ከተማው በሰፋ ቍጥር ወደ ጥግ ሲገፉ ኖረዋል። ለእነርሱ አጥር ማለት የእይታ መከልከል ብቻ ሳይሆን የእንጀራ መቋረጥ ነው። ባለሀብቱ የሊዝ ውል በእጁ ይዟል፤ ታንኳ ሠሪው ምን ይዟል?

ሕግ የለም እንዳይባል፣ ሕግስ አለ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የሕዝብ የጋራ ንብረት መሆኑን፣ በአንቀጽ 44 ሰው ሁሉ በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው፣ በአንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝብ በሚነካው የአካባቢ ፕሮጀክት ላይ ሐሳቡን የመስጠት መብት እንዳለው ይደነግጋል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995ም ወጥቷል። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ የጣናን አካባቢ በዓለም አቀፍ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ አስገብቶታል። እንግዲህ የጐደለን የወረቀት ብዛት ሳይሆን በመሬት ላይ የተተከለ፣ ማንም የሚያየው ችካል ነው።

መስመሩ ሳይሰመር ሕንፃ ሲቀድም ምን እንደሚደርስ ከስፔን አገር እንማር። በደቡብ ስፔን፣ በአልሜሪያ አውራጃ፣ ካርቦኔራስ የምትባል ትንሽ የባሕር ጠረፍ ከተማ አለች። የስፔን የባሕር ጠረፍ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1988 ወጥቶ ከባሕሩ 100 ሜትር ያህል እንዲጠበቅ፣ ከውሃውም ጋር 6 ሜትር የእግረኛ መተላለፊያ እንዲተው ደንግጎ ነበር። ሆኖም ማዘጋጃ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2003 በአልጋሮቢኮ ዳርቻ ባለ 411 ክፍል ሆቴል እንዲሠራ ፈቀደ፤ ስፍራውም በተፈጥሮ ፓርክ ውስጥ ነበር። ብዙ የከተማው ሰዎች ሥራ እናገኛለን ብለው ደገፉት። ሕንፃው ሊያልቅ ሲቃረብ፣ እ.ኤ.አ. በ2006፣ ፍርድ ቤት አገደው፤ እ.ኤ.አ. በ2016ም የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መሬቱ ሕንፃ የማይሠራበት ነው ብሎ ፈረደ። ግዙፉ ሆቴል አንድ እንግዳ ሳያሳድር ለዓመታት ተገትሮ ቀረ። ባለሀብቱ ከሰረ፤ ሥራ ጠባቂው ሥራውን አላገኘም፤ ዳርቻውም ተበላሸ። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል ማለት ይህ ነው።

እኛስ ምን እናድርግ? በእኔ አስተያየት አራት ነገሮች ይበቃሉ። አንደኛ፣ የሐይቁ ውሃ በዓመት ውስጥ ከፍ ዝቅ ስለሚል፣ የጥበቃው መስመር ዝናቡ አልፎ ውሃው እጅግ ከሚሞላበት ደረጃ ይለካ፤ በበጋ ሸሽቶ ከሚታየው ጠርዝ የተለካ መስመር ለአጥር መግፊያ ያመቻል። ሁለተኛ፣ በመስመሩና በውሃው መካከል የግል አጥር አይቁም፤ ደንገሉና የእግረኛው መንገድ ይኑሩበት፤ ሆቴሉ ከመንገዱ ወዲህ ይሠራ። ከፎቁ ሐይቁን ለማየት ሃምሳም መቶም እርምጃ መራቅ አይከለክልም። ሦስተኛ፣ ካርታው መሬት ለጨረታ ከመቅረቡ በፊት በየቀበሌው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። አራተኛ፣ ቀድሞ የተሠሩት ሆቴሎች ማስፋፊያ ወይም የውል ማደሻ በጠየቁ ጊዜ ለሕዝብ ማለፊያ እንዲከፍቱ ይገደዱ። በቅርብ ዓመታት በኮሪደር ልማት በዳርቻው የእግር መንገድ መሠራቱ መልካም ጅምር ነው፤ ነገር ግን በሕግ ያልታጠረ መንገድ ነገ በሌላ ሹም ፊርማ ሊዘጋ ይችላል።

ይህች ከተማ ያለ ፕላን የበቀለች አይደለችም። በ1950ዎቹ ዓመታት የጀርመን ባለሙያዎች ማስተር ፕላን አዘጋጅተውላት ነበር፤ ሰፋፊ ጎዳናዎቿም ቀድሞ ማሰብ ምን ፍሬ እንደሚሰጥ ይመሰክራሉ። ዛሬ ግን ፕላን የሚያወጣልን ባዕድ መጠበቅ ያሳፍራል። በዚህ ዩኒቨርስቲ ውስጥ ቅየሳ የሚያውቅ፣ ስለ ዓሣና ስለ ደንገል የሚመራመር፣ ሕግ የሚያጠና ተማሪ ሞልቷል። መምህሮቻችን ቢፈቅዱና ቢመሩን፣ የከተማውን ዳርቻ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግራችን ሄደን፣ ስንቱ ሜትር ክፍት፣ ስንቱ የታጠረ፣ ስንቱ ደንገል የተነቀለበት መሆኑን ለክተን በካርታ ላይ ብናሰፍረው የአንድ ሴሚስተር ሥራ ነው። ይህ ካርታ ለማዘጋጃ ቤቱም ለባለሀብቱም ለነዋሪውም ይቅረብ፤ ከዚያ በኋላ ክርክሩ በግምት ሳይሆን በቍጥር ይሆናል። የተማሪዎች ማኅበራችን በሚቀጥለው ስብሰባው ይህን ጕዳይ በአጀንዳው ላይ እንዲያሰፍር አሳስባለሁ።

ሳይቃጠል በቅጠል!