ያጠፋሁት ካሴት

ውድ አንባቢ፤ በወጣትነትህ አብዝተህ የወደድኸው፣ ኋላ ግን ዐዋቂ የሆንህ ሲመስልህ ያፈርህበት ዘፈን የለህምን? እኔ አለኝ። የዛሬው ወጋችንም ስለዚሁ ነው፤ የምጠቅሳቸውንም ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ያዝልኝ።

ዳባት ተማሪ ሳለሁ ታላቅ ወንድሜ ከመጀመሪያ ደመወዙ ቀንሶ አንድ ካሴት ከጎንደር አመጣልኝ። ካሴቱ የኃይሉ መርጊያ ነበር። ኃይሉ በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ይጫወት ከነበረው ከዋልያስ ባንድ ጋር በ1977 «ቼ በለው» የተባለውን ሸክላ ያስቀረጸ ሰው ነው። ባንዱ ስሙን የወሰደው በእኛው በሰሜን ተራሮች ብቻ ከሚገኘው ከዋልያ ስለሆነ፣ እኛ የዳባትና የደባርቅ ልጆች ተጫዋቾቹን እንደ ዘመድ እንቈጥራቸው ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ባንዱ አሜሪካ ሲሄድ ኃይሉ እዚያው ቀረ። በ1985ም ዋሺንግተን ውስጥ ስቱዲዮ ገብቶ፣ አኮርዲዮኑን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖውን፣ ሲንተሳይዘሩንና የከበሮ መኪናውን ብቻውን እያደራረበ ያን ካሴት ቀዳ።

እውነቱን ልንገርህ፤ ያን ጊዜ የወደድሁት የመኪናውን ድምፅ ነው። ከአዝማሪው ማሲንቆ የራቀ ስለመሰለኝ፣ እሱን ሳዳምጥ እኔም ከገጠር የራቅሁ ይመስለኝ ነበር። ኮሌጅ ስገባ ደግሞ ጃዝ የሚያዳምጡ፣ ስለ ቤትሆቨን የሚከራከሩ ጓደኞች አገኘሁና በዚያው በመኪናው ድምፅ አፈርሁ። ከንቀቴም ብዛት ለፈተና የሚሆነኝን የእንግሊዝኛ ትምህርት በካሴቱ ላይ ቀዳሁበት። ለወንድሜም ጠፋ አልሁት።

አምና ከደባርቅ ወደ ሊማሊሞ በሚያወርደው መንገድ አጠገብ ለሠርግ ተጠርቼ ሄድሁ። ከምሳ በኋላ አንድ አዛውንት ዱላቸውን ይዘው ተነሡና ሸለሉ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይስቡታል፤ ድንገት ይቈርጡታል፤ ትንፋሻቸውን ሰብስበው እንደገና ይጀምራሉ። ማታ ደባርቅ ባደርሁበት ቤት የእኅቴ ልጅ በስልኩ ሙዚቃ ከፈተ። ያ የድሮው ካሴት ነበር! አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ላይ አግኝቶት ኖሮ በ2013 እንደገና አሳትሞታል።

ከዜማዎቹ አንዱ «ሽለላ» ይባላል። አኮርዲዮን መቼም እንደ ወናፍ ነው፤ ሲከፈት አየር ይስባል፣ ሲዘጋ ይተነፍሳል። ስለዚህ እንደ ሰው ድምፅ ሊጐተትም ሊቈረጥም ይችላል። ልክ እንደ አዛውንቱ ትንፋሹን ሲሰበስብ ሰማሁት። ማሲንቆውን ሸሽቼ የተጠጋሁበት ካሴት ለካ የአገሬኑ ዜማ ይዞ ኖሯል! የከበሮ መኪናውስ? እሱ ዛሬም ይደርቅብኛል፤ አልዋሽህም። አኮርዲዮኑን ግን በዚያ ዕድሜዬ ልሰማው የምችልበት ጆሮ አልነበረኝም።

ሰውየው ራሱ በዋሺንግተን ብዙ ዓመት ታክሲ ነድቷል። ኪቦርዱን በታክሲው ዕቃ መጫኛ እየያዘ፣ ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ሰዓት ይለማመድ ነበር። የሚያጨበጭብለት በሌለበት ያልተወውን ሥራ፣ በ2018 «ላላ በሉ» በተባለው አዲስ አልበም ቀጠለበት። ያፈርሁበት እኔ ነበርሁ እንጂ እሱስ አላፈረበትም።

ስለዚህ ወጣቱ አንባቢዬ፤ ተማሪም ሁን አዲስ ጸሓፊ፣ ጣዕምህ ሲያድግ ደስ ይበልህ። ሆኖም የትናንቱን ለመናቅ አትቸኵል። ምናልባት ያኔ የወደድኸው በማይረባ ምክንያት ይሆናል፤ ነገሩ ግን የሚወደድ ሊሆን ይችላል። ዐሥር ዓመት ቈይተህ ደግመህ ስማውና ያን ጊዜ ፍረድ።

በማግሥቱ ጠዋት ጎንደር ላለው ወንድሜ ስልክ ደውዬ ሙዚቃውን አሰማሁት።

«ካሴቱ ተገኘ እንዴ?» አለኝ።

ከስንት ዘመን በኋላ እውነቱን ነገርሁት። ጥቂት ዝም አለና፣

«ለመሆኑ እንግሊዝኛውንስ ዐወቅኸው?» ብሎ ሳቀ።