«እኔ ካልኩ አለቀ» የሚል ሥራ አስኪያጅ

ለንግድ ሐረር ጀጎል ገብቶ «ራምቦ ቤት» የሚባለውን ያላየ የለም ማለት ይቻላል። (ቤቱን ያሠራው ህንዳዊ ነጋዴ ነው፤ ፈረንሳዊው ኖረበት መባሉ አጠራጣሪ ነው።) ጎብኚ የሚመጣው ባለቅኔውን ብሎ ነው። ለገበያ ሰው የሚጠቅመው ግን ሌላው ራምቦ፣ ነጋዴው ነው።

አርተር ራምቦ ለኤደኑ ነጋዴ ለባርዴ ቡናና ቆዳ ሊገዛ ሐረር የገባው እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ ነው። ከዘይላ ወደብ ሐረር በፈረስ 20 ቀን ያህል ይፈጅ ነበር። አለቃ ጠይቆ መልስ እስኪመጣ ገበያው ያልፋል፤ ስለዚህ እዚያው ዋጋ ቆርጦ የሚገዛ ሰው ያስፈልግ ነበር። ዛሬ የተወደደበትን በሚቀጥለው ሳምንት ግዢ ያካክሰዋል።

ያው ልማድ በ1887 አከሰረው። ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ለመሸጥ ከላባቱ ጋር ተሻርኮ ነበር። ላባቱ ሞተ፤ አብሮ ሊጓዝ የነበረው ሶሌዬም ሞተ። ሌላ ነጋዴ ቢሆን ቆም ብሎ የሟቹን ዕዳ ያጣራል። ራምቦ ግን ብቻውን ወስኖ ከታጁራ ተነሳ። ሸዋ ሲደርስ የላባቱ አበዳሪዎች ከበቡት። ጠመንጃውን ጭኖ ወደ ባሕር መመለስ አይታሰብም፤ ንጉሡም ዋጋውን ቀንሰው፣ የሟቹንም ዕዳ አስበው ሐረር ላይ እንዲከፈለው ወረቀት ሰጡት።

ሐረር አካባቢ ዛሬም ይኸው ሰው አለ። አወዳይ ላይ ጫት የሚነግደው፣ ጫቱ ሳይጠወልግ በስልክ «ጫን!» ማለት አለበት፤ ሰብስቦ ልማከር ቢል ይከስራል። ችግሩ ያንኑ አመል ይዞ ቡና መላክ ሲጀምር ነው። ቡናው ገና ገበሬው እጅ ሳለ ለውጭ ገዢ ዋጋ ቆርጦ ይፈርማል። የአገር ውስጥ ዋጋ ሲያሻቅብ መውጫ የለውም። የሒሳብ ሹሙ ቀድሞ አይቶታል፤ ግን አይናገርም። ጋሼ በጫት ጊዜ ማንንም ሳይጠይቁ ነው ያተረፉት።

ራምቦ በ1888 ሐረር የራሱን ንግድ ሲከፍት ሸዋ ላለው አልፍሬድ ኢልግ ዕቃ ይልክለት ጀመር። ኢልግ መጻፍ ለማያውቅ ሰው ደብተር፣ በዚያ ላይ የካቶሊክ መቁጠሪያ ለምን ትልክብኛለህ ብሎ በደብዳቤ አፌዘበት። ኢልግ ግን እንጀራው ከምኒልክ ቤት ነበር፤ የሒሳብ ሹሙ እንጀራ ከጋሼ ነው።