ሞተሩን ተዉት፣ ፕሮፔለሩን አሳዩኝ

«አንተ የመካነ ሰላም ልጅ፣ ደጋ ላይ ያደግህ፣ ስለ ጀልባ ምን አገባህ?» ይሉኛል። ያገባኛል እንጂ! ከጣና ወጥቶ ጎጃምን የሚዞረው አባይ በቦረና ገደል ሥር ነው የሚያልፈው። ደግሞስ ዳገት ሞተርን ምን እንደሚያደርገው ከወሎ ደገኛ በላይ ማን ያውቃል? ከአባይ በረሃ ጭኖ ወደ መካነ ሰላም የሚወጣ የአይሱዙ ሹፌር ዳገቱን በአራተኛ ማርሽ አይሞክረውም። ቢሞክረው ሞተሩ ያቃስታል፣ ያጨሳል፣ ከዚያ ቀጥ ይላል። ስለዚህ ማርሽ ይቀንሳል። ይህን ለማወቅ ማንም ምህንድስና አላስተማረውም።

ይሄ ዕውቀት ታዲያ ጣና ዳር ሲደርስ የት ይገባል? ተራ የጀልባ ሞተር ወደ ፊት፣ ወደ ኋላና ፎሌ ብቻ ነው ያለው። ከባድ ወይም ቀላል ማርሽ የሚሆንለት ውሃ ውስጥ የሚሽከረከረው ባለ ክንፉ ፕሮፔለር ነው። ፕሮፔለሩ ላይ ሁለት ቁጥር ታገኛላችሁ፤ 14 በ19 እንበል። የመጀመሪያው ከዳር እስከ ዳር ያለው ስፋት ነው። ሁለተኛው ፒች ይባላል፦ ውሃው ባያንሸራትተው ኖሮ በአንድ ዙር ስንት ኢንች ወደ ፊት ይሄድ እንደነበር ይነግራችኋል። ፒቹ ሲበዛ ማርሹ ከበደ ማለት ነው።

አሁን ወደ ንዴቴ ልምጣ። አብዛኛው የጀልባ ሞተር ከነፕሮፔለሩ የሚታሰበው ለባሕር ጠለል ነው። ጣና ግን 1,786 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው፤ የደቡብ ወሎው ሐይቅ ደግሞ 2,000 ሜትር አካባቢ። ከፍታ በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር ተራ ሞተር 3 በመቶ ያህል ጉልበቱን ያጣል። 60 የፈረስ ጉልበት ብላችሁ የከፈላችሁበት ባሕር ዳር ሲደርስ 50 ገደማ ነው። «ይሄኛው በኮምፒውተር ነው የሚሠራው» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ አትስሙት። ኮምፒውተሩ ነዳጁን ከአየሩ ጋር ያመጣጥናል እንጂ የሌለ አየር አይፈጥርም።

ውጤቱን በዓይኔ አይቻለሁ። ወደ ዘጌ የሚሄድ ጀልባ፣ ሰው ጢም ብሎበት፣ ነዳጅ እስከ መጨረሻው ተሰጥቶት፣ አፍንጫውን ሰቅሎ ኋላውን ውሃ ውስጥ ቀብሮ ይንፏቀቃል። ጀልባ ነጂው «ወደ ፊት ተጠጉ! ተጠጉ!» ይላል። የተጨናነቁት መንገደኞች ሚዛን ሆነው ጀልባውን ወደ ፊት ያጋድሉለታል። ፕሮፔለሩን ወደብ ላይ ነቅለው ሲያወጡት አንዱ ክንፍ ድንጋይ መትቶት ጫፉ ታጥፏል። በመዶሻ ቀጥቅጠው መልሰው አሰሩት። በእጅ የተቀጠቀጠ ክንፍ ከወንድሞቹ ጋር አይስተካከልም፤ ሞተሩን ያንዘፈዝፈዋል፣ ኩሽኔታውን ይበላል። ባለቤቱ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ባለ 80 መግዛት አለብኝ!»

ይህ የባለቤቱ ጥፋት ብቻ አይደለም። በጨረታ ሰነድ ላይ «የሞተር ጉልበት ይህን ያህል» ብሎ ጽፎ ስለ ፕሮፔለር አንዲት መስመር የማይጨምር ገዢ፣ ከካርቶኑ የወጣውን አስሮ «ይሄዳል» ብሎ የሚያስረክብ ሻጭ፣ ሁለቱም ተጠያቂዎች ናቸው። ጣናነሽ 2 የተባለችው የጣና ጀልባ በ2017 ዓ.ም. ከጅቡቲ በከባድ መኪና ተጭና ስትመጣ አገሩ ሁሉ ርዝመቷንና የምትይዘውን ሰው ሲያወራ ከረመ። ስለምትገፋበት ነገር ሲወራ ግን እኔ በበኩሌ አልሰማሁም።

መፍትሔው ደግሞ ከሞተር ዋጋ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ጀልባውን እንደ ዕለት ሥራው ጫኑት፤ ነዳጁን ሙሉ ስጡትና የዙር ቆጣሪውን እዩ። የሞተሩ መመሪያ በደቂቃ ከ5,000 እስከ 6,000 ዙር ካለና የእናንተው 4,600 ላይ ከቆመ ፕሮፔለሩ ከብዶታል። ፒች በአንድ ኢንች ሲቀነስ ከ150 እስከ 200 ዙር ያህል ይጨምራል፤ ሂሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። እንዲያ ታፍኖ የሚሠራ ሞተር ነዳጅ ይጨርሳል፣ ጥቀርሻ ያጠራቅማል፣ ዕድሜውም ያጥራል።

ሰው ለሚጭን ደግሞ ባለ አራት ክንፉን እመርጣለሁ። ባለ ሦስቱ በጫፍ ፍጥነት ትንሽ ይበልጠዋል፤ ደሴት ለደሴት ለሚሄድ ምእመን ያ ምን ይረባዋል? ባለ አራቱ ውሃውን አጥብቆ ይይዛል፣ ንዝረቱ ይቀንሳል፣ ጀልባው ቀስ ሲልም ኋላውን ቶሎ አይጥልም። ሲታጠፍም እንደ ባለ ሦስቱ ቶሎ አየር ስቦ በባዶ አይጮህም። ክንፍ ሲጨመር ፒቹን አንድ ኢንች ያህል ዝቅ ማድረግ አትርሱ። «የማይዝገው ብረት ይሻላል» ለሚለኝም፦ ለጥልቅ ውሃ አዎ፣ ቀጭንና ጠንካራ ነው። ድንጋያማ ዳርቻ ላይ ግን አልሙኒየሙ ይታጠፍ፤ ብረቱ ምቱን ወደ ማርሽ ሳጥኑ ሊያሻግረው ይችላል። እንቦጭ ባለበት በኩል ደግሞ ክንፉ ወደ ኋላ የተጠመዘዘ፣ አረም በቀላሉ የማይጠመጠምበት ዓይነት አለ።

ነገሩ በጣና አያበቃም። ያው አባይ ወርዶ ወርዶ የሕዳሴ ግድቡን ንጋት ሐይቅ ሞልቷል፤ ሲሞላ ከባሕር ጠለል በላይ 640 ሜትር ነው። አሳ አስጋሪው፣ አስጎብኚው፣ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ እዚያ ጀልባ መፈለጉ አይቀርም። ለጣና ልክ የሆነው ፕሮፔለር እዚያ ሞተሩን ከተፈቀደው ዙር በላይ ሊያስጮኸው ይችላል፤ አየሩ ወፍራም ነውና። እዚያም እዚህም አንድ ዓይነት ካርቶን አውርዶ «ተረከቡ» የሚለንን እንግዲህ ዝም ልንለው ነው?

ጀልባ የምትገዙ ሁሉ፣ ጨረታ የምታወጡም ጭምር፦ ጀልባው በምትሠሩበት ውሃ ላይ፣ ሙሉ ጭነት ይዞ፣ የዙር ቆጣሪው የሚያሳየው ቁጥር በጽሑፍ ሳይሰጣችሁ የመጨረሻውን ክፍያ አትፈርሙ።