ችግሩ ኔትወርኩ አይደለም

የቦሌ ኤሌክትሮኒክስ ነጋዴዎች አይቀየሙኝና፣ ግማሾቹ የሚሸጡትን ዕቃ አያውቁትም። የቀሩት አሳምረው ያውቁታል፤ ደሜን የሚያፈሉትም እነዚህ ናቸው።

ከመድኃኔዓለም ዙሪያ እስከ መገናኛ፣ ከገርጂ እስከ አያት፣ የሱቁ መስታወት ላይ የሚነበበው አንድ ነው፦ «4ኬ አንድሮይድ ቦክስ፣ ኔትፍሊክስ ያለው»። ጎረቤቴ ልጆቿ ከውጭ በላኩላት ብር አንዱን ገዛች። ፊልሙ ደበዘዘባት። ቦክሱን ይዛ ብትመለስ ሻጩ ቀና እንኳ ሳይል «እማማ፣ ኔትወርኩ ነው» አላት። በዚህች ከተማ ይህን ሰበብ የሚከራከር ማን አለ? ሌባም ብትይዝ ኔትወርኩ ነው ቢልህ ታምነዋለህ!

ኔትወርኩ ግን አልነበረም። ኔትፍሊክስ ጥራት ያለውን ምስል የሚልከው ፈቃድ ለሰጠው ዕቃ ብቻ ነው። ከመመዘኛዎቹ አንዱ ዋይድቫይን የሚባለው የቅጂ መከላከያ ነው፤ ኤል1 የሚባለው ደረጃ ከሌለ የሚመጣው 480 መስመር ብቻ ነው። ርካሾቹ ቦክሶች አብዛኞቹ ዝቅተኛው ደረጃ፣ ኤል3 ናቸው። ቦክሱ ያንን ምስል ይለጥጥና 3840 በ2160 አድርጎ ለቴሌቪዥኑ ያቀብላል፤ ቴሌቪዥኑም «4ኬ» ብሎ ይጽፋል። ስክሪኑ ላይ ካሉት 8,294,400 ነጥቦች ከየ20ው 19ኙን የሞላው ቦክሱ በግምት ነው። አንድ ሲኒ ቡና ላይ ውኃ ሞልቶ «ጀበናው ሙሉ ነው» ማለት ይኸው ነው። ነጋዴው ደግሞ ተከራካሪ ነው፦ ከቦክሱ የሚወጣው 4ኬ ነው፣ ምን ዋሸሁ? ወደ ቦክሱ ስለገባው ማን ጠየቀው!

እሺ፣ ኔትወርኩንም እናንሳው። የ4ኬ ምስል ሳይታመቅ፣ በሴኮንድ 25 ፍሬም ቢሄድ፣ በሴኮንድ ወደ 5 ጊጋቢት ይፈልጋል። ይህን የሚያምቀው ኮዴክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው ኤች.265 በ2003 ከወጣው ኤች.264 ጋር ሲነጻጸር ለተመሳሳይ ጥራት ግማሽ ያህል ይበቃዋል። ቦክሱ የትኛውን በቺፑ እንደሚፈታ የሚነግርህ ሻጭ ካገኘህ እጁን ጨብጥልኝ። ከዚህ ሁሉ መታመቅ በኋላ እንኳ ኔትፍሊክስ ለ4ኬ 15 ሜጋቢት በሴኮንድ ይጠይቃል። ልብ በል፣ ሜጋባይት አላልኩም፤ 8 ቢት ነው 1 ባይት። በሰዓት ወደ 7 ጊጋባይት ይበላል ማለት ነው። የኢንተርኔት ጥቅል እየገዛ ለሚያይ ሰው ይህን ሳይናገሩ ቦክስ መሸጥ ድፍረት ነው።

ዲሹም ከዚህ ማታለል አያመልጥም። የአገር ውስጥ ጣቢያዎች የሚተላለፉበት ኢትዮሳት መጥቶ የሰፈሩ ዲሽ ወደ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ሲዞር «ኤችዲ ዲሽ ይቀየርልዎት» የሚል ሰው ጣራችን ላይ ወጥቶ ያውቃል። ወንድሜ፣ ዲሽ ጎበጥ ያለ ብረት ነው! ሲግናሉን ሰብስቦ ከፊቱ ያለው ተቀባይ፣ ኤልኤንቢው ላይ ያሳርፋል፣ አለቀ። ኤችዲ መሆን አለመሆኑን የሚወስኑት ጣቢያውና ሪሲቨሩ ናቸው።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። የንግድ ቢሮ ተቆጣጣሪዎች የዳቦ ግራም ሊመዝኑ ሲወጡ አይተናቸዋል። እዚህ ቦክስ ሱቅም ይግቡና ካርቶኑ ላይ ኮዴኩና የዋይድቫይን ደረጃው በአማርኛ ይጻፍ ይበሉ። ካልተጻፈ ሱቁ ይታሸግ።

እስከዚያው አንተ ራስህን ጠብቅ። ብር ከመቁጠርህ በፊት ቦክሱን እዚያው ሱቅ አስከፍት፤ ዲአርኤም ኢንፎ የተባለውን ነጻ መተግበሪያ ጫንበትና ደረጃውን አንብብ። ኤል3 ካለህ ብርህን ይዘህ ውጣ።